አሥራ ዘጠነኛው አልጋ፦ የሲስተር መብረቅ የሕይወት ታሪክ

ሲስተር መብረቅ ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከፖስታ አዳይ አባታቸው መስከረም 14 ቀን 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ሁለት ክፍል ነበረው። በአንደኛው የእናታቸው የስፌት መኪና ቀኑን ሙሉ ሲንኳኳ ይውላል፤ በሌላኛው ቤተሰቡ ይበላል፣ ይተኛል፣ እንግዳ ይቀበላል። በዚያ ቤት ሰባት ዓመት ብቻቸውን ከነገሡ በኋላ ታናሽ እህታቸው ተወለደችባቸው። በዚህም በጣም ከማኩረፋቸው የተነሣ አንድ ሳምንት ሙሉ ሕፃኗን ላለማየት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መተኛታቸውን እናታቸው እየሳቁ ሲናገሩ ኖረዋል። በስምንተኛው ቀን ግን ሕፃኗ በተኛችበት አጠገቧ ቁጭ ብለው፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ሲያዩ ተገኙ። ምን እየሠሩ እንደሆነ ሲጠየቁ «እንዳታቆም ነው» ብለው መለሱ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሠፈራቸው ትምህርት ቤት በጥሩ ውጤት አጠናቀዋል። ታናሽ እህታቸውም ለትምህርት ስትደርስ ወስደው የሚያስገቧት፣ ጠብቀው የሚመልሷት እሳቸው ነበሩ። መንገድ ሲያሻግሯት የሚይዙት መዳፏን ሳይሆን የእጇን አንጓ ነበር። «መዳፍ ያልበዋል፣ ይሾልካል፤ አንጓ የትም አይሄድም» ይሏት ነበር። ትንሿ እህት በጓደኞቿ ፊት እንደ ሌባ ተይዛ መሄዷ ያሳፍራት ስለነበር ብዙ ቀን አልቅሳለች። ለቅሶዋ ግን አንድም ቀን አላስለቀቃትም።

በ1967 ዓ.ም. የነርስ ትምህርት ቤት ገቡ። ትምህርታቸውን ሊጨርሱ አንድ ዓመት ሲቀራቸው እናታቸው ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ ዋሉ። አባታቸው ሥራቸውን መተው አይችሉም፤ ከሁለቱ ልጆች አንዷ ቤት መቅረት ነበረባት። የቀረችው ታናሽየው ናት፤ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ይህን ጽሑፍ የምታዘጋጀው እሷው ስለሆነች፣ እውነቱን አለባብሳ ብታልፈው ታላቅ እህቷ ከሬሳ ሣጥናቸው ውስጥ ሆነው እንደሚቆጧት ታውቃለች። ስለዚህ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ ታናሽ እህታቸው እናቷን አሥራ አንድ ዓመት አስታማለች፤ ወደ ትምህርት ቤትም አልተመለሰችም። ይህም ቅር ሲላት ኖሯል። ሲስተርም ያውቁ ነበር። ሁለቱም ግን አንድ ቀን እንኳ አንሥተውት አያውቁም።

ሲስተር በ1970 ዓ.ም. ተመርቀው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የሴቶች የውስጥ ደዌ ክፍል ተመደቡ። ክፍሉ አሥራ ስምንት አልጋ ነበረው። ሌላ ቦታ ሠርተው አያውቁም፤ ሦስት ጊዜ ዕድገት መጥቶላቸው «አሥራ ስምንቱን ለማን ልተዋቸው?» ብለው መልሰዋል። መብረቅ የሚለውን ስም ያወጡላቸው በሥራቸው የነበሩ ወጣት ነርሶች ናቸው። መጀመሪያ ነጭ ጋዋናቸው በበሩ ብልጭ ይላል፤ ድምፃቸው ይከተላል። ያልተቀየረ ፋሻ፣ ያልተጻፈ ካርድ፣ ጭንቅላት ሥር የተጨማደደ ትራስ ካዩ ኮሪደሩ ይንቀጠቀጣል። ስሙን ሲሰሙ ይቆጣሉ ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ እሳቸው ግን «ከመድረሴ በፊት የሚታወቅ ስም ነው፣ ይስማማኛል» አሉ።

በ1975 ዓ.ም. ከሆስፒታሉ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው ከአልጋ አራት በላይ ያለውን አንድ አምፖል ለመቀየር ሦስት ቀን የፈጀባቸው ሰው ናቸው። በሦስተኛው ቀን ሲስተር መሰላሉ ሥር ቆመው «አንተ ሰውዬ፣ አምፖሉ ነው የተቃጠለው ወይስ አንተ?» ብለው እንደጠየቋቸው ይነገራል። ባለቤታቸው ይህንን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልካዱም። ትዳሩ አርባ አንድ ዓመት የጸና ሲሆን አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ተወልደውበታል።

እናታቸው በ1980 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ታናሽ እህታቸው በዚያው ሆስፒታል በልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠረች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እህቶች በየጠዋቱ ይገናኙ ነበር፤ አንዷ የታጠበ አንሶላ በጋሪ እየገፋች፣ ሌላዋ ከበር ላይ እየተቀበሉ።

አሁን ስለ ከባዱ ዓመት መነገር አለበት። በ1996 ዓ.ም. ሲስተር ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ነርሶች ለቀው ይሄዳሉ፣ የሚተካ አይመጣም፤ አንዲት ነርስ የሦስት ሰው ሥራ ትሠራለች። ሲስተር ከሥራ ሲመለሱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ይቀመጡና አንዱን ጫማ አውልቀው ሌላውን ሳያወልቁ ይደርቃሉ። ልጆቻቸው እራት ቀርቧል ሊሏቸው ሲመጡ በአንድ ጫማ እንደተቀመጡ ያገኟቸዋል። ቁጣቸው ድሮ ዝናብ የሚከተለው ነበር፤ ይቆጡና ወዲያው ሻይ ያስፈላሉ። በዚያ ዓመት ግን ቁጣው ብቻ ቀረ። የሚወዱት በሽተኛ ሲሞት ማልቀስ ተዉ። ይህ ራሱ እንዳስፈራቸው ኋላ ላይ ተናግረዋል።

አንድ ጠዋት የአልጋ አሥራ አንድን መርፌ ይዘው አልጋ ሰባት ዘንድ ቆሙ። እጅጌ ሰብስበው፣ ክንድ በጥጥ ጠርገው ሊወጉ ሲሉ፣ አልጋ ሰባት ላይ የተኙት ጡረተኛ አስተማሪ «ልጄ፣ እኔ እኮ ሰባት ነኝ» አሏቸው። መርፌው አልተወጋም፤ አስተማሪዋም ከሳምንት በኋላ ድነው ቤታቸው ገቡ። ሲስተር ግን በዚያው ሰዓት ራሳቸውን ለነርሶች ኃላፊ ለሜትሮኗ ከሰሱ፤ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤም ጽፈው ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጡ። ሜትሮኗ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ይህን ገና አላነበብኩትም። መጀመሪያ ለሳምንት ሥልጠና ሂጂ፤ ስትመለሺ አነበዋለሁ» አሏቸው።

ሥልጠናው ለጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ጭንቀትንና የሥራ መዛልን በሜዲቴሽን ስለ መቀነስ ነበር። ሲስተር የሄዱት፣ በራሳቸው አነጋገር፣ «ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ከተፈቀደ እንቅልፌን ልተኛ» ብለው ነው። አሠልጣኙ የሥነ ልቦና ባለሙያ ተሳታፊዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንፋሻቸውን እንዲከታተሉ አዘዙ። ሰው ሁሉ ጨፈነ። ሲስተር ግን ትንፋሽ ተከታተሉ ሲባሉ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓይናቸውን ገልጠው ደረታቸው ላይ የተሰካችውን ሰዓት አዩና አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠሩ። ሃያ ስድስት ሆነ። ጤነኛ ሰው አርፎ ተቀምጦ በደቂቃ ከሃያ በላይ አይተነፍስም። ተሳስቼ ነው ብለው ደግመው ቆጠሩ፤ ያው ነው። በዚያ ጸጥ ባለ አዳራሽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ይቺን ሴትዮ እኔ ጋ ቢያመጧት አስተኛት ነበር!» አሉ። ከዚያ አለቀሱ። ከብዙ ወራት በኋላ ያለቀሱት ያኔ ነው።

አሠልጣኙ ትንፋሽ በሰዓት እንደማይቆጠር፣ ማስተዋል ብቻ እንደሚበቃ ሊያስረዷቸው ሞክረዋል። አልተሳካላቸውም። በነርሶች ዘንድ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ስለሚቆጠር፣ ሲስተር ሳምንቱን ሙሉ ከመቀመጣቸው በፊትና በኋላ ትንፋሻቸውን እየቆጠሩ ደብተር ላይ አሰፈሩ። በመጨረሻው ቀን አሥራ ስምንት ደረሱ። ተመልሰው ደብተሩን ለሜትሮኗ አሳዩ፤ ሜትሮኗም ደብዳቤውን ከኪሳቸው አውጥተው ሳያነቡት ቀደዱት።

አሥራ ዘጠነኛው አልጋ የተከፈተው በማግስቱ፣ በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። አልጋ ይባል እንጂ አልጋ አይደለም። በክፍሉ መጨረሻ፣ ከአልጋ አሥራ ስምንት ጀርባ፣ አንሶላና የትራስ ልብስ የሚደረደርበት ጠባብ ክፍል አለ፤ እዚያ ውስጥ አንድ ወንበር አስገቡ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛም በሽተኛ ሲተኛ የሚከፈተውን ዓይነት ካርድ ከፈቱ፤ ሲገባና ሲወጣ ትንፋሹ ተቆጥሮ ይሰፍርበታል። በፈረቃ ርክክብ ላይ አሥራ ስምንቱ በሽተኞች በየተራ ከተነገሩ በኋላ «አልጋ አሥራ ዘጠኝ ዛሬ ማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። የደከመው ይገባል፤ በሩ አምስት ደቂቃ ይዘጋል፤ በሽተኞቹን ሌላ ሰው ያይለታል። እግር መሬት፣ እጅ ጭን ላይ፣ ዓይን ክድን። ትንፋሽ ሲገባ መግባቱን፣ ሲወጣ መውጣቱን ማስተዋል ነው። ሐሳብ ወደ በሽተኛ ወይም ወደ ልጅ ፈተና ሲሮጥ ሳይቆጡ መልሶ ማምጣት ነው። ሲስተር መብረቅ «ሳይቆጡ» ሲሉ ሠራተኛው እርስ በርሱ ተያየ። «ምን ታያላችሁ? እኔም እየተለማመድኩ ነው!» ብለው ተቆጡ።

የመጀመሪያው ሳምንት ብዙ አሳቀ። አንድ ግዙፍ ወንድ ነርስ ዓይኑን እንደጨፈነ ማንኮራፋት ጀመረ፤ የበሽተኛ ጠያቂዎችም በአንሶላ ክፍሉ ውስጥ የተረሳ ታማሚ አለ ብለው ተረኛዋን ጠሩ። ሰውነቷ ቀጭን ስለነበር ቀጭኗ የምትባል አዲስ ነርስ ደግሞ ትንፋሿ እየተቆጠረ መሆኑን ስታውቅ ትንፋሿን ያዘችና ዜሮ አስመዘገበች። ሲስተር ይህንን ሲያዩ ለበሽተኛ የሚያደርጉትን ዘዴ አወጡ። ነርስ የሰውን ትንፋሽ ስትቆጥር አትናገርም፤ ሰው ከነገሩት አተነፋፈሱ ይለወጣል። የልብ ምት የምትለካ መስላ የእጅ አንጓ ትይዛለች፤ ዓይኗ ግን ከሰዓቷ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ሰዓቷ ይመላለሳል። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እውነተኛ ሆነ። ወደ ክፍሉ ሃያ አራት ይዞ የገባ አሥራ ስድስት ይዞ ወጣ። በሁለተኛው ዓመት ከክፍሉ አንድም ነርስ ለቅቆ አልሄደም።

ወንበሩን የተቃወመ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። የመጀመሪያዋ ተቃዋሚ ታናሽ እህታቸው ነበረች፤ ጋሪዋ አላልፍ ብሏት ነበርና። ሁለተኛው ደግሞ ከዋና መሥሪያ ቤት የመጡ ተቆጣጣሪ ናቸው። ተቆጣጣሪው ሰሌዳው ላይ «አልጋ 19፤ ሁኔታ፦ ደክሟታል፤ ሕክምና፦ አምስት ደቂቃ» የሚል አይተው አልጋዎቹን ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። አሥራ ዘጠነኛዋ በሽተኛ የት እንደገባች በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው ጠየቁ። ሲስተር ይዘዋቸው ሄደው ወንበሩን አሳዩአቸው። «ይሄ ይነሣል!» አሉ ተቆጣጣሪው። ሲስተር በትሕትና አንጓቸውን ያዙና ጥቂት ቆይተው «ጌታዬ፣ ሃያ ስምንት ነዎት። ከማንሣትዎ በፊት ቢቀመጡበት ይሻላል» አሏቸው። በሩ አምስት ደቂቃ ተዘጋ፤ አምስቱም አሥራ አምስት ሆነ። በሪፖርታቸው ላይ «ክፍሉ አሥራ ስምንት አልጋና አንድ አስፈላጊ ወንበር አለው» ብለው ጻፉ። ወንበሩ እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ሁሉም ተቀምጦበታል። ሐኪሞች፣ ጽዳት ሠራተኞች፣ ምግብ አመላላሾች፣ አንድ ቀን አምፖል ሊቀይሩ የመጡት ባለቤታቸውም። ያልተቀመጠችው ታናሽ እህታቸው ብቻ ናት። ሲስተር በየጠዋቱ ጋሪዋን ስታስገባ ከበሩ ላይ ይጠብቋታል። ልክ እንደ ልጅነታቸው አንጓዋን ይይዙና «እንዴት አደርሽ ሚጣ?» ይሏታል፤ ያችን የደረት ሰዓታቸውን ያያሉ። ከዚያ «ነይ፣ ትንሽ ቁጭ በይ» ይላሉ። እሷም «ወንበሩ የነርሶች ነው እትዬ፤ አንሶላ የሚያጥብ ሰው ምን ይደክመዋል?» ብላ ጋሪዋን ገፍታ ትሄዳለች። አነጋገሯ ቀልድ ይመስላል፤ ቀልድ ግን አልነበረም። ሰዓታቸውን ማየታቸውንም «ዘገየሽ» እንዳሏት አድርጋ ትወስደው ነበር። እህቴ የዓለምን ድካም ሲያዩ የእኔን አላዩም፤ እናታችንን ሳስታምምም አላዩም፤ አሁንም አያዩም ብላ ታስብ ነበር። ይህንን ቂም ይዛ በዚያ በር አሥራ አንድ ዓመት ገብታ ወጥታለች።

ሲስተር በ2008 ዓ.ም. በክብር ጡረታ ወጡ። በስንብታቸው ቀን ንግግር አድርጉ ቢባሉ «አንጓችሁን አምጡ» ብለው አንድ በአንድ ለክተው ሄዱ። ከዚያም በኋላ ከሌሎች ክፍሎች በየጊዜው እየተጠሩ ወንበር የት እንደሚቀመጥ፣ ካርድ እንዴት እንደሚጻፍ አሳይተዋል። ዛሬ በሆስፒታሉ ውስጥ ከአልጋው ቁጥር በላይ አንድ የሚቆጥሩ አራት ክፍሎች አሉ።

በ2015 ዓ.ም. የልብ ድካም አገኛቸው። እንደ ልማዳቸው «ስሙ ራሱ ይነግራችኋል፣ ደክሞታል እኮ» ብለው ቀለዱበት። በዚህ በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር ሕመሙ ሲጠና በገዛ ክፍላቸው፣ በራሳቸው ምርጫ፣ ከአንሶላ ክፍሉ አጠገብ ባለው በአልጋ አሥራ ስምንት ተኙ። ክፍሉን አሁን የምትመራው ያቺ ዜሮ ያስመዘገበችው ቀጭኗ ናት፤ ስሙ ቀረ እንጂ ቅጥነቱ ከሄደ ቆይቷል። ሲስተር ተኝተውም ሥራ አልተዉም። የሚያልፉትን ነርሶች ከትራሳቸው ላይ ሆነው እያዩ «አንቺ፣ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ግቢ» ይሉ ነበር።

ታናሽ እህታቸው በየጠዋቱ መጥታ አጠገባቸው ትቀመጥ ነበር። እሷም ጡረታ ከወጣች አንድ ዓመት ሆኗታል፤ የምትገፋው ጋሪ የለም። እጃቸውን ስትይዝ እሳቸው ቀስ ብለው እጃቸውን ያዞሩና የእሷን አንጓ ይይዛሉ። ዓይናቸው ትራሳቸው ላይ ወደተሰካችው ሰዓት ይሄዳል። ሰዓቱ ስንት እንደሆነ የሚያዩ መስሏት በየቀኑ ትነግራቸው ነበር። እሳቸውም «እሺ ሚጣ» ይሏት ነበር።

በተደረገላቸው ሕክምናና እንክብካቤ ሁሉ ለማዳን ቢሞከርም፣ ማክሰኞ መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና እህታቸው በተገኙበት በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ደረታቸው ሲቆም ያየችው ታናሽ እህታቸው ናት። እሳቸው እሷ ሕፃን ሳለች እንዳታቆም ይጠብቋት እንደነበረ ሁሉ፣ እሷም እንዳያቆሙ ትጠብቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቀጭኗ የድሮ ካርዶች የተያዙበትን ማኅደር ይዛ መጣች። ሲስተር ሰኞ ዕለት አስመጥተውት ነበርና። ከውስጡ አንድ ካርድ አውጥታ ለታናሽ እህታቸው ሰጠቻት። ከላይ «አልጋ 19፤ ሚጣ» ይላል። አሥራ አንድ ዓመት፣ ሁለቱም ሥራ የገቡበት ቀን ሁሉ፣ አንድም ሳይዘለል ተጽፏል። ካርዱ ሲሞላ ሌላ ተቀጥሎበታል። ሃያ ሁለት። ሃያ አራት። «የማጠቢያው ማሽን ተበላሽቶ በእጅ አጠቡ፤ 30።» «ዛሬ ሳቀች፤ 16።» «እናታችን ያረፈችበት ቀን ነው፤ 26፤ እኔም 26።» በየመስመሩ መጨረሻ ሕክምና በሚለው ቦታ «እንቢ አለች፤ እጠብቃታለሁ» የሚል አለ። በአንድ ገጽ ጥግ ላይ ደግሞ በደቃቃ ጽሑፍ «ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችው ለእኔ ነው። ቁጭ ስትል እነግራታለሁ» ተብሏል። የመጨረሻው መስመር ሰኞ መጋቢት 16 የተጻፈ ነው፦ «24። ትዕዛዝ፦ ቁጭ ትበል።»

ሲስተር መብረቅ ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ አራት የልጅ ልጆች፣ አንዲት ታናሽ እህት፣ እንዲሁም ትንፋሻቸውን የቆጠሩላቸውን ቁጥር ስፍር የሌላቸውን የሥራ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ቤተሰቡ በሕመማቸው ጊዜ ላስታመሙ፣ በሐዘኑም አብረው ለቆሙ ሁሉ፣ በተለይም ለአሥራ ስምንቱ አልጋ ነርሶች ልባዊ ምስጋናውን ያቀርባል። ለደከመው ሁሉ መቀመጫ ያዘጋጁትን እናታችንንና እህታችንን ፈጣሪ ድካም በሌለበት ቦታ ያስቀምጥልን፤ ለቀረነውም ትንፋሻችንን ያርጋልን።

የታዘዘው መፈጸሙ በጽሑፍ መስፈር ስላለበት፣ ትናንት ረቡዕ ጠዋት ታናሽ እህታቸው በአንሶላ ክፍሉ ውስጥ በሩን ዘግታ ተቀመጠች። አንጓዋን የያዘችላት ቀጭኗ ናት። ስትገባ ሃያ ስምንት፣ ስትወጣ አሥራ ስምንት። ካርዱ ላይ ሰፍሯል፦ ቁጭ ብላለች።